ሞች ቸንክ፦ ከሰል በራሱ ክብደት የወረደበት ተራራ

አሜሪካ፣ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ከፊላደልፊያ በ476 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን የሚነዳ በመውጫ 74 ወጥቶ መንገድ 209ን ይይዛል፤ ሊሃይተንን እንዳለፈ የጂም ቶርፕ ከተማ ናት። እስከ 1954 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ስሟ ሞች ቸንክ ነበር። ቅዳሜ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ያሰለቻልና ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለውን ሰፊ ሜዳ በጠዋት መያዝ ይበጃል።

እኔ የመጣሁት ግን ለተራራው ነው። ሰሚት ሂል ላይ የሚቆፈረውን አንትራሳይት የተባለ ጠንካራ የድንጋይ ከሰል ወንዝ ዳር ወዳሉት ጀልባዎች ለማድረስ በ1827 ወደ 14 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐዲድ ተዘረጋ። ሐዲዱ እንጨት ነው፤ ከላይ ስስ ብረት ተመትቶበታል። ፉርጎው ሞተር አያሻውም፤ ሠራተኛው ፍሬን እየያዘ በግማሽ ሰዓት ገደማ ያወርደዋል። በቅሎዎቹም ተሳፍረው ይወርዳሉ፤ ባዶውን ፉርጎ ሽቅብ መጎተት የእነሱ ድርሻ ነው፤ ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል። መሳፈር ከለመዱ ወዲያ በእግር ውረዱ ሲባሉ እምቢ አሉ ይባላል። በቅሎ ናት፣ ማን ያስገድዳታል?

አንዱ ሐዲድ ለወራጁም ለወጪውም ሲጠብ፣ በ1840ዎቹ አጋማሽ መመለሻ መስመር ተሠራ። ፒስጋ ተራራ ላይ 700 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዳገት አለ፤ ከፍታው 200 ሜትር ይሆናል። አናቱ ላይ የቆመ የእንፋሎት ሞተር የብረት ቀበቶ ይጠቀልላል፤ ቀበቶው የሚስበው አጭር ጋሪ ታች ካለው ጉድጓድ ብቅ ብሎ ፉርጎውን ከኋላ ይገፋል። ቀበቶው ቢበጠስስ? በሐዲዶቹ መካከል ጥርስ ያለው ብረት ተዘርግቷል፤ ከጋሪው የተንጠለጠለው ምላስ ጥርሱን ነክሶ ያስቆመዋል። የዘመኑን ብልሃት ለማየት ይህ ብቻ ይበቃል።

በ1872 ከተራራው ሥር ዋሻ ሲከፈት ሎኮሞቲቭ ከሰሉን በቀጥታ መውሰድ ጀመረ፤ አሮጌው መስመር ለሽርሽር ሆነ። በ1933 ቆመ፣ በ1937 ብረቱ ለቁራጭ ተሸጠ።

ሸለቆውን የያዙት ትልልቆቹ የባቡር ኩባንያዎችም አልዘለቁም። የአንትራሳይት ምርት በ1917 ወደ 100 ሚሊዮን ቶን ደርሶ ማሽቆልቆል ጀመረ። ከመስከረም 1925 እስከ የካቲት 1926 የቆየው የማዕድን ሠራተኞች አድማ ደንበኛውን በብርዱ ወራት ያለ ከሰል አስቀረው፤ ብዙው ወደ ሌላ ማገዶ ዞረ፤ ኋላም ናፍጣና ጋዝ ቤቱን ሞሉት። የከሰል ፉርጎ ደግሞ ሲመለስ ባዶውን ነው፤ የጉዞው ግማሽ ገቢ የለውም። ጭነቱ ብዙ ሳለ ይህ አይጎዳም፤ ሲቀንስ ግን ለሐዲድ ጥገና የሚተርፍ አይኖርም። ጀርዚ ሴንትራል በ1967፣ ሊሃይ ቫሊ በ1970 ከሰሩ፤ በ1976 አብዛኛው መስመር የከሰሩትን ባቡሮች ለማዋሃድ መንግሥት ባቋቋመው ኮንሬይል ውስጥ ገባ።

አሁን ከ1888ቱ ጣቢያ የጎብኚ ባቡር ይነሳል። የድሮው ሐዲድ ቦታ የእግር መንገድ ሆኗል፤ ጉልበት ለመቆጠብ ከሰሚት ሂል መነሳት ነው። ላንስፎርድ የሚገኘው፣ በ1972 የተዘጋው ቁጥር 9 ማዕድን ማውጫም ቅርብ ነው፤ በትንሽ ባቡር ወደ ውስጥ ይገባል። በበጋም ቢሆን ጃኬት ይያዙ።