“አሰበ” ሳይሉ መጻፍ፦ ከቻክ ፓላኒክ የወሰድኩት ልምምድ

አጭር ልብ ወለድ ስጽፍ አንድ ነገር ያስቸግረኝ ነበር። ታሪኩ ጨለም ያለ ሆኖ ይጀምራል። ከዚያ ገጸ ባሕሪዎቹ ስሜታቸውን መዘርዘር ይይዛሉ፤ ለአንባቢው የሚተርፍ ነገር አይኖርም። መላውን ያገኘሁት ከአሜሪካዊው ደራሲ ከቻክ ፓላኒክ ነው።

ፓላኒክ ፖርትላንድ ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና አምራች ድርጅት እየሠራ፣ በደራሲው ቶም ስፓንባወር የጽሑፍ ስልጠና ውስጥ ነው የበሰለው። እ.ኤ.አ. በ1996 “ፋይት ክለብ” የተባለው ልብ ወለዱ ወጣለት። ለጸሐፊዎች ከሰጣቸው ምክሮች አንዱ ከባድ ነው፦ ለስድስት ወር ያህል አሰበ፣ አወቀ፣ ተረዳ፣ አመነ፣ ፈለገ፣ አስታወሰ አትበሉ። ወደደና ጠላም አይቻልም።

ሞከርኩት። “ታደሰ እናቱ መታመሟን አወቀ” የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። ሰረዝኩትና እንዲህ ጻፍኩ፦ “እናቱ አቦሉን ቀድታ ተነሳች። ቶናው ሳይደርስ ግድግዳውን እየተደገፈች ጓዳ ገባች። ስኒዎቹ ሳይታጠቡ አደሩ።” ረዘመ፤ ግን ታደሰ ምንም ማለት አላስፈለገውም።

በጣም የጠቀመኝ ደግሞ ገጸ ባሕሪን ለብቻው አለመተው ነው። ብቻውን የተቀመጠ ሰው ያስባል እንጂ ምን ያደርጋል? ስለዚህ አንዱን ብቸኛ ልብስ ሰፊ ደንበኛ አመጣሁለት። ሱሪ ለማሳጠር ተከራከሩ፤ ታሪኩ ነፍስ ዘራ።

ከዚያ በኋላ “ፋይት ክለብ”ን በሌላ ዓይን አነበብኩት። ተራኪው እንቅልፍ አጥቶ፣ ሳይታመም የሕመምተኞች መጽናኛ ስብሰባ ይሄዳል። ፓላኒክ ራሱ በበጎ ፈቃደኝነት በጽኑ የታመሙ ሰዎችን እንዲህ ወዳሉ ስብሰባዎች ያደርስ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ሰውየው የማያውቃቸው ሰዎች ትከሻ ላይ ያለቅሳል፣ ቤቱ ገብቶም ለጥ ብሎ ይተኛል። መጀመሪያ ያስቃል። ቀጥሎ ሳቁ አፍ ላይ ይደርቃል። ይህ ነውር ነው፣ ይህ ያሳዝናል የሚል ሰው የለም። ለኔ የጨለማ ምፀት ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው። ደሙና ዘግናኙ ነገር የሚበዛባቸው አንዳንድ ሥራዎቹ ይህን ያህል አልያዙኝም።

አማርኛ ላይ ልምምዱ ይከብዳል፤ ተረት ስንሰማ ያደግነው “ብሎ አሰበ” እየተባለልን ነው። አሁን ረቂቅ ስጨርስ እነዚያን ግሶች በቀይ አሰምርና ለወዳጆቼ ጮክ ብዬ አነባለሁ። የሰለቻቸው ቦታ ብዙውን ጊዜ ቀዩ ያለበት ነው። ንግግር ውስጥ ያሉትን ግን አልነካም። ሰው ሲያወራ “አውቃለሁ” ይላል፣ “እወድሻለሁ” ይላል፤ እሱን መከልከል አልፈልግም።