ከፈረቃ መልስ ቢላ እስላለሁ

ባለፈው ፋሲካ፣ ቅዳሜ ሹር ጠዋት፣ ጎንደር፣ ማራኪ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ግቢ በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጬ 11 ቢላ ሳልኩ። አራቱ የግቢው ነበሩ። የቀረው ከጎረቤት እየተጠራ የመጣ ነው። ሰባተኛው ላይ ስደርስ አንዲት ልጅ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቢላ ይዛ መጣችና ስታየኝ ቀጥ ብላ ቆመች። ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ የማስተምራት ልጅ ናት። «መምህር?» አለች። «አዎ፣ አምጪው» አልኳት። ሳልኩላት፣ 50 ብር ከፈለች፣ ሄደች።

ትምህርት ሲከፈት ማንም ምንም አላለኝም። ራሴ አነሳሁት። ስለ ማዕዘን ሳስተምር ቢላ ሣልኩ፣ ሰሌዳው ላይ ማለቴ ነው። ከስለቱ እስከ ጀርባው 4 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ቢላ ድንጋይ ላይ አስተኝታችሁ ጀርባውን 1 ሳንቲ ሜትር ብታነሱት ወደ 15 ዲግሪ ትጠጋላችሁ። 1.4 ካነሳችሁት 20 ይሆናል። 15ቱ ሽንኩርትና ጎመን ለሚከትፍ ነው። 20ው ከአጥንት ጋር ለሚጋጨው የሥጋ ቢላ ነው፤ ስለቱ በጣም ከቀጠነ አጥንት ሲነካ ይታጠፋልና። ያን ቀን ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነው የሰማኝ።

ሥራውን የጀመርኩት የመምህር ደሞዝ ወሩን አላደርስ ስላለኝ ነው። የምናስተምረው በፈረቃ ስለሆነ ግማሽ ቀን አለኝ። ባጃጅ ለመግዛት ገንዘብ የለኝም፣ ሱቅ ለመክፈት ኪራዩ አይቀመስም። በትከሻ ቦርሳ ተይዞ የሚዞር ሥራ ነበር የምፈልገው። ዕቃዬ ይህ ነው፦ አንዱ ጎኑ ሻካራ (400 ቁጥር)፣ ሌላው ለስላሳ (1000 ቁጥር) የሆነ የመሳያ ድንጋይ፣ ለመጨረሻ ማለስለሻ አንድ 3000፣ ጣውላ ላይ የተቸነከረ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ፣ ፎጣ፣ ሁለት ሃይላንድ ውሃ። ውሃውን ከቤቴ ነው የምይዘው። ጎንደር ውስጥ ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ሰው በር ላይ ቁጭ ብሎ «እስቲ ውሃ ስጡኝ» ማለት ይከብዳል። መብራት ደግሞ አያስፈልገኝም። መብራት ቢጠፋ ሥራዬ አይቆምም።

መጀመሪያ ግን እንዲህ አልነበረም። ቶሎ ቶሎ ለመሥራት ብዬ ግራይንደር ተውሼ ነበር። የአንዲት እናት ጥሩ ቢላ ነበር፣ ወፍራም፣ የድሮ። የማሽኑ ተሽከርካሪ ድንጋይ ሲነካው ብልጭታው ደስ ይላል፤ ቀና ሳደርገው ስለቱ ሰማያዊ ሆኗል። ብረት እንዲህ ያለ ቀለም ካወጣ ወደ 300 ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው፣ ጥንካሬውን የሰጠው የእሳት ሥራ በዚያ ቦታ ተበላሽቷል። ቢላው ለአንድ ሳምንት አሪፍ ቆረጠ፣ ከዚያ ደነዘ፣ ቢስሉትም ቢስሉትም አልያዝ አለ። ሌላ ቢላ ገዝቼ ሄድኩና «እትዬ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ቡና አፍልተው አጠጡኝ። ግራይንደሩን በማግሥቱ መለስኩ። ስለዚህ ይህን ሥራ ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ የሰው ቢላ በማሽን አታቃጥሉ። በእጅ አንዱ ቢላ 10 እና 15 ደቂቃ ይፈጃል። ይፍጅ።

ከሁሉ የሚከብደው መቼ ማቆም እንዳለባችሁ ማወቅ ነው። አንዱን ጎን ስትስሉ በሌላው ጎን በጣት ሲዳበስ ያዝ የሚያደርግ ቀጭን የብረት ጠርዝ ይወጣል። ከጫፍ እስከ እጀታው ሥር ካልወጣ ቢላው ገና አልተሳለም። ወጥቶም በለስላሳው ድንጋይና በቀበቶው ካልተወገደ አልተሳለም። ያኔ ወረቀት ይቆርጣል፣ ሽንኩርት ላይ ግን ሁለት ቀን አይቆይም። ደንበኛ የምታጡት በዚህ ነው። ድንጋዩ ከሌላችሁ ደግሞ ቤት ውስጥ የሸክላ ስኒ ገልብጡ፤ ቂጡ ላይ ያልተቀባው ሻካራ ክብ ቢላን ለጊዜው ያነቃዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እዚህ ከተማ የዚህ ሥራ የጊዜ ሰሌዳ የሚወጣው በጾምና በበዓል ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነበር ሥጋ ቤቶችን ለደንበኝነት ያናገርኩት። 55 ቀን! የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሁሉ ተዘጋ፣ እኔም ባዶ ቦርሳ ይዤ ቀረሁ። ኋላ ነው የጾሙን ሥራ ያገኘሁት። በጾም ቤት ውስጥ የሚከተፈው ይበዛል፣ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ድንች። ደነዝ ቢላ ሽንኩርትን ስለሚጨፈልቀው ዓይን የሚያቃጥለው ነገር በብዛት ይወጣል፣ ስል ቢላ ሲሆን ለቅሶው ይቀንሳል። ይህን በቃል አልናገርም፣ አንድ ሽንኩርት ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ ፊታቸው እከትፈዋለሁ። አንዷ እናት ግን የጠየቁኝ ሌላ ነገር ነው፦ «ይሄ ድንጋይ ሥጋ የነካ ቢላ ስለህበታል?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከዚያ ወዲህ ለጾም የተለየ ድንጋይና ፎጣ አለኝ።

አዲስ ዓለም ሰፈር ያሉ የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ደግሞ በጾሙም ክፍት ናቸው። እዚያም ሌላ ድንጋይ እይዛለሁ፣ ሳይጠይቁኝ። በእስልምና ከማረድ በፊት ቢላን በደንብ መሳል የታዘዘ ነው፣ እንስሳው እንዳይሠቃይ። እሱ እያየ መሳል ግን አይወደድም። ስለዚህ ለአረፋ በጉ ግቢ ሳይገባ ሄጄ እጨርሳለሁ። ለፋሲካ ደግሞ ሥራው የሚጠናው ጸሎተ ሐሙስና ቅዳሜ ሹር ላይ ነው፤ ስቅለት ቀን ቦርሳዬን አልነካም። ዶሮ 12 ብልት የሚወጣው መገጣጠሚያውን አግኝቶ በመቁረጥ ነው፣ ደነዝ ቢላ የያዘች ሴት አጥንቱን ትሰብረዋለች፣ ስብርባሪው ወጡ ውስጥ ይገባል። ቅርጫ የገቡ ሰዎችም ይጠሩኛል። ባለፈው ገና አምስት ቢላና አንድ መጥረቢያ ሳልኩላቸው፣ በብር ፈንታ ከየመደቡ ትንሽ ትንሽ አንስተው ሥጋ ሰጡኝ። ከዚያ የበለጠ ክፍያ አላስታውስም።

አንድ ሕግ አለኝ፦ የሰው ቢላ ይዤ አልሄድም። ባለቤቱ ፊት እስላለሁ፣ እዚያው አስረክባለሁ። ቢላ ታቅፎ ከተማ መዞር በዚህ ጊዜ ጥሩ አይደለም፣ መታወቂያዬም ከኪሴ አይለይም። ደግሞ ሰው ቢላውን ሲሰጥህ አምኖህ ነው፣ እሱ እያየ መሥራት አለብህ።

እናቴ ስትሰማ አለቀሰች። «አስተምሬ አስተምሬ መጨረሻህ ቀጥቃጭ ልትባል ነው?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። በአገራችን ብረት የሚሠራ ሰው «ቡዳ» ሲባል ኖሯል። ማረሻውንም፣ ማጭዱንም፣ ካራውንም ከእሱ እየገዙ፣ አብሮ መብላት ይፈሩ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ወለቃ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ለጎንደር ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው ያተረፉት ይህን ስም ነው። ብዙዎቹ በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. በነበሩት ጉዞዎች እስራኤል ገቡ። ስሙ ግን እዚህ ቀረ። ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል፣ በዚህ ላይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ፤ ከእናቴ ጋርም ተከራክሬያለሁ።

ሦስት ወር ያህል ስለ ሥራው አልጠየቀችኝም። ከዚያ አንድ ማታ ከሳጥን ውስጥ የቀንድ እጀታ ያለው ካራ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የአያቴ ነው። የወለቃ ሰው የሠራው መሆኑን የነገረችኝ ያኔ ነው። አያቴ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ስትስለው ኖራ መሃሉ ጎድጉዷል። ሦስት ማታ ፈጀብኝ። ስለቱ ሲመጣ ጉድጓዱንም ልክ ላወጣው ከጫፍና ከሥር መፋቅ ጀመርኩ። እናቴ እጄን ያዘችኝ። «እሱን ተወው» አለች፣ «የእማዬ አሳሳል ነው።»