ከጣርማ በር ሾፌርነት ወደ ኢፋ ረዳትነት

እዚህ ጀርመን ከኢፋው የጭነት መኪና ጋር የተነሣሁትን ፎቶ ካዩ ወዲህ የደብረ ብርሃን ጓደኞቼ አላስቀምጥ ብለውኛል። አንዱ «በጅቡቲ በኩል አስገባውና አሸዋ እናመላልስበት» ይላል፤ ሌላው «ጀርመን ድረስ ሄደህ የደርግ መኪና ገዛህ?» ብሎ ይስቃል።

መኪናው የእኔ ሳይሆን የጎረቤቴ ነው። ጡረተኛ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በምሥራቅ ጀርመን ጦር ውስጥ የነዱትን ዓይነት ኢፋ ዳብልዩ 50 ከአንድ ገበሬ ጓሮ ገዝተው ግቢያቸው ውስጥ ያድሳሉ። እኛም እናውቀዋለን፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ምሥራቅ ጀርመን ቡና ቸግሯት ከደርግ ጋር ስትዋዋል፣ መሣሪያና ኢፋ ሰጥታ ቡናችንን ወሰደች። ይህን ስነግራቸው መፍቻቸውን አስቀምጠው «እንግዲያው ያን ጊዜ የጠጣሁት የእናንተን ነበር» አሉ። ለእኔ የሚያቀርቡልኝ ቡና ግን ከአራተኛ የቀጠነ ነው።

ሞተሩ ጋቢናው ውስጥ፣ በሾፌሩና በረዳቱ መካከል ነው። ክዳኑን አንሥቼ ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) የፈታሁት እኔ፣ የደረቀውን ፍሪሲዮን የቀየርኩት እኔ፣ የባሌስትራውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ስፈገፍግ የብርዱን ወራት የገፋሁት እኔ። እኛ በሽቦ አስረን ጣርማ በርን የምናስወጣውን ነገር እኒህ ሰው የብሎኑ ራስ ላይ ያለው ምልክት ካልተመሳሰለ አይቀበሉም። እሑድ ደግሞ መዶሻ ማንሣት የለም፤ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል። እናቴ ሰምታ «ተመስገን፣ ሰንበት የሚያከብር አገር ነው» አለች። ሚካኤልንና ገብርኤልን እንደማያውቋቸው አልነገርኳትም።

በሐምሌ መኪናው ተነሥቶ ወደ አሮጌ መኪኖች ትርዒት ሄድን። ሽማግሌው ዓይናቸው ስለደከመ መሪውን የያዘው የልጅ ልጃቸው ነው። እኔ፣ በአምስተኛ መንጃ ፈቃድ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ በጭጋግ አልፌ፣ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ጭነት እንደያዝኩ በማርሽ የምወርደው ሰው፣ ረዳት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መኪናው 30 ዓመት ስላለፈው የክብር ታርጋ አግኝቷል፤ የእኔ መንጃ ፈቃድ ግን እዚህ መኖር በጀመርኩ በስድስት ወሩ አገልግሎቱ አብቅቷል። ልጁ አቀበት ላይ ማርሽ ሲያስጮህ እግሬ የሌለ ፍሪሲዮን ይረግጣል። አቀበት ያልኩት ለወጉ ነው፤ መንዝ ቢሆን ሜዳ ይባል ነበር።

ስንደርስ ልጁ በመስኮት ብቅ ብሎ «ጎማው ሥር ታኮ አድርግልኝ» አለኝ።

ታኮ! እኔን! ስንት ረዳት ታኮ ይዞ ሲዘልልኝ ኖሮ! ልጁ ክፋት የለውም፤ በትሕትና ነው ያዘዘኝ፤ እሱ ነው የባሰ ያቃጠለኝ። አጎንብሼ ታኮውን ሳደርግ አንዲት ሴትዮ ቀርበው «እንዲህ ያለ ትልቅ መኪና አይተህ ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁኝ። «ቡና ከፍለን ነበር የገዛነው» አልኳቸው። አልገባቸውም።

«ጀርመን የከባድ መኪና ሾፌር አጥታለች» ሲሏችሁ እውነት ነው፤ ግን እጃችሁን አይቶ መሪ የሚሰጣችሁ የለም። ሻንጣ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ቋንቋውን ጀምሩ። የጽሑፍ ፈተናው በዐረብኛና በቱርክኛ ይሰጣል፤ በአማርኛ የለም። መጀመሪያ የትንሹን መኪና፣ ከዚያ የከባዱን ትፈተናላችሁ፤ ሁሉም ክፍያ አለው። የሠራችሁበትን ቦታ የልምድ ደብዳቤ ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ፤ ቀጣሪ ይጠይቃችኋል።

እኔ የትንሹን አልፌ ከባዱን ጀምሬአለሁ። አስተማሪዬ ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ ባለፈው ሳምንት ቁልቁለት እንዴት እንደሚወረድ በሥዕል አስረዳኝ።