ሞተሩን ከ1800 ወደ 1500 አወረድነው

የምንሰራበት ትልቅ የናፍጣ ሞተር ሴንትሪፉጋል ፓምፕ (ውሃውን በሚሽከረከር ጎማ የሚገፋ) ነው የሚያዞረው፣ ቀጥታ በኮፕሊንግ (ሁለቱን ዘንግ በሚያገናኘው ማያያዣ)። ሁሌ በ1800 አርፒኤም (ዙር በደቂቃ) ነበር የሚሰራው፣ ምክንያቱም ስንረከበው እንደዛ ስለነበረ። ውሃው ይበዛብን ስለነበር ደግሞ የመውጫውን ቫልቭ ግማሽ ዘግተን ነው የምንሰራው፣ ናፍጣ አቃጥለን የገፋነውን ውሃ መልሰን በቫልቭ እናፍነዋለን ማለት ነው። ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ቤሪንግ) ቶሎ ቶሎ ይበላል፣ ብሎን ይላላል። ብሮንዚና (ኮሎው፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ የሚያርፍበትን ስስ ብረት) የቀየርን ጊዜ ግን በጣም አናደደኝና ቁጭ ብዬ ማስላት ጀመርኩ።

ፒስተኑ በአንድ ዙር ሁለቴ ቆሞ ይመለሳል፣ ከዛ የተነሳ ቤላው (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ዘንግ) እና ኮሎው ላይ የሚያርፈው ጉልበት ከአርፒኤሙ ስኩዌር ጋር ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ከ1800 ወደ 1500 ሲወርድ 30 ፐርሰንት አካባቢ ይቀንሳል። ስትሮኩ (ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች የሚሄደው ርቀት) 150 ሚሊሜትር ስለሆነ የፒስተኑ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ ከ9 ሜትር ወደ 7.5 ይወርዳል። ፓምፑ የሚፈልገው ሃይል ደግሞ በኪዩብ ነው የሚቀንሰው። ቫልቩን ሙሉ ከፍተን ጋቨርነሩን (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን) 1500 ላይ አሰርነው፣ ውሃው በደንብ በቃን፣ ንዝረቱ መቀነሱ በእጅ ሲነካ ራሱ ያስታውቅ ነበር።

ከዛ ስህተት ሰራሁ። 1500 ከተመቸው 1300 ለምን አይሆንም ብዬ ሳወርደው መሃል ላይ ኮፕሊንጉ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ እዛች ፍጥነት ላይ ቶርሽናል ንዝረት (ዘንጉ እየተጠማዘዘ የሚንቀጠቀጥበት) አለ፣ በኋላ ስንፈታው የኮፕሊንጉ ጎማ ተሰንጥቋል። 1300 ላይ ደግሞ ግፊቱ በስኩዌር ስለወረደ ውሃው ታንከሩ ጋ አልደርስ አለ፣ ፓምፑ ውሃ ሳያስወጣ እየተሽከረከረ ጋለ። ወዲያው መለስኩት።

የባሰው ኮምፕሬሰሩን (አየር የሚያምቀውን ማሽን) የሚያዞረውን ሞተር ሳወርድ ነው። ፒስተን ኮምፕሬሰር እንደ ፓምፑ አይደለም፣ ፍጥነቱን ብትቀንሱለትም የሚፈልገው ቶርክ (የመጠምዘዝ ጉልበት) ያው ነው፣ ሞተሩ ግን በዝቅተኛ አርፒኤም ቱርቦው (አየር የሚጨምርለት) በቂ አየር አይሰጠውም። ታፈነ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ የጭስ ማውጫው ሙቀት ወጣ፣ የዘይት ግፊቱም ወረደ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሞተር ሁሉ ያረፈ ይመስለኝ ነበር፣ አይደለም።

አሁን አርፒኤም ከመንካቴ በፊት የአምራቹን የቶርክ ከርቭ (ሞተሩ በየፍጥነቱ ስንት ቶርክ እንደሚሰጥ የሚያሳየውን ግራፍ) አያለሁ፣ ካወረድኩ በኋላ የጭሱን ሙቀትና የዘይት ግፊቱን ሙሉ ሎድ ላይ እከታተላለሁ፣ ማራገቢያውና የሞተሩ የራሱ ማቀዝቀዣ ውሃ ፓምፕም አብረው ስለሚቀንሱ የራዲያተሩን ሙቀት እንዳትረሱ። ጄኔሬተር ግን አትንኩ፣ 4 ፖል (አራት የማግኔት ዋልታ ያለው) ከሆነ 50 ኸርዝ የሚሰጠው 1500 ላይ ብቻ ነው።