አሮጌው የናፍጣ ሞተርና አዲሱ ካምቢዮ እንዴት ተግባቡ

ሐኪሙ የግራ ጉልበቴን ፊልም ብርሃን ላይ ሰቅሎ የተቀደደውን ልም አጥንት ካሳየኝ በኋላ መጀመሪያ የጠየቀኝ «መኪናህ ፍሪሲዮን አለው?» ብሎ ነው። አለው። ከዴንቨር አጠገብ ካለችው ከኦሮራ ተነስቼ፣ ሲጫን 3,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሳቢ እየጎተትኩ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ወደ ፍሪስኮና ወደ ግሌንዉድ ስፕሪንግስ እመላለሳለሁ። ኢንተርስቴት 70 ላይ መኪና በተጨናነቀ ቁጥር ያ ከባድ ፔዳል ሲረገጥና ሲለቀቅ ይውላል። ሐኪሙ ወይ ፔዳሉን ወይ መኪናውን እንድተው ነገረኝ። መኪናውን መተው አልሆነልኝም።

መኪናው የ1992 ዶጅ ዲ250 ፒክአፕ ነው። ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 5.9 ሊትር የካሚንስ ናፍጣ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ጉልበቱ 160 ፈረስ ነበር፤ ዛሬ ይህ ቁጥር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 540 ኒውተን ሜትር ገደማ የሚሆነውን የመጎተት አቅሙን በደቂቃ 1,700 ዙር አካባቢ ይሰጣል። ናፍጣውን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር የለበትም። ናፍጣውን የሚመድበው የቦሽ ፖምፓ ከእግር ፔዳሉ ጋር የሚገናኘው በሽቦ ገመድና በአንዲት ክንድ ብቻ ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የነበረው አጎቴ ጋራዡ ውስጥ የፊያት 682 ኤን 3 የጭነት መኪና ሆድ ከፍቶ ካስተማረኝ ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ዓይነት ሞተር እወዳለሁ። የታመመበትን ቦታ በጆሮህና በመዳፍህ ታገኘዋለህ።

ስለዚህ ሞተሩ ይቆያል፣ ካምቢዮው ይለወጣል ብዬ ወሰንኩ።

በጣም ቀላሉ መንገድ ከ1994 ወይም ከ1995 ዶጅ ራም ላይ 47አርኤች የሚባለውን ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ማውረድ ነበር። ከዚሁ ሞተር ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ ማርሽ የሚለውጠው በዘይት ግፊት ነው፤ ከኤሌክትሪክ የሚፈልገው ለአራተኛው ማርሽና ለኮንቨርተሩ (በፍሪሲዮን ፋንታ ሞተሩን በዘይት ከካምቢዮው ጋር ለሚያገናኘው ክፍል) መቆለፊያ የሚሆን ትእዛዝ ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ የሚነዳ ሰው ምክር ቢጠይቀኝ ያለ ማመንታት ይህንን እለዋለሁ። የእኔ ሥራ ግን ተራራ ነው። የ47አርኤች ማርሾች አራት ብቻ ስለሆኑ የተራራቁ ናቸው፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ወይ ይጮኻል ወይ ይታፈናል፣ መካከለኛ የለውም። እኔ የመረጥኩት ዱራማክስ የተባለ ናፍጣ ሞተር ካላቸው የጄኔራል ሞተርስ ፒክአፖች ጋር ይመጣ የነበረውን ባለ ስድስት ማርሹን አሊሰን 1000 ነው። የመጀመሪያው ማርሽ ምጣኔ (የካምቢዮው መውጫ አንዴ እንዲዞር ሞተሩ የሚዞረው ዙር) 3.10፣ አምስተኛው 0.71፣ ስድስተኛው 0.61 ነው። የዲፈረንሻሌ ምጣኔ 3.54 ስለሆነ፣ በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ስነዳ ሞተሩ በአምስተኛው ማርሽ 1,780፣ በስድስተኛው 1,530 ያህል ዙር ይዞራል ማለት ነው። ይህን ስሌት በወረቀት ላይ የሠራሁት አንዲት ብሎን ሳልፈታ ነው፤ ገንዘቤን ያዳነልኝ ሥራም እርሱ ነው። ዲፈረንሻሉ የአንዳንዶቹ አውቶማቲክ ዶጆች ዓይነት 3.07 ቢሆን ኖሮ ስድስተኛው ማርሽ ለጌጥ ብቻ በቀረ ነበር።

መኪናው በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ በመሆኑም ዕድለኛ ነኝ። ባለ አራት ጎማ ነጂ ቢሆን ኖሮ ለፊተኛው ዲፈረንሻል ኃይል የሚያከፋፍለውን ሳጥን ማስማማት ለብቻው ሌላ ሥራ ነበር።

ሞተርና ካምቢዮ የሚጋጠሙት በወፍራም የአሉሚኒየም አዳፕተር ነው። ቮላኖውና (ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚዞረው ከባዱ ክብ ብረት) ፍሪሲዮኑ ይወጡና በቦታቸው ስስ የብረት ሳህን ይገባል፤ ኮንቨርተሩ የሚታሰረው በእርሱ ላይ ነው። ብዙ ሰው አዳፕተሩን አስሮ ወዲያው ካምቢዮውን ወደ ማንሳት ይሄዳል። እኔ በሞተሩ ዘንግ ላይ ሰዓት መሰል መለኪያ አስሬ፣ ሞተሩን በእጅ እያዞርኩ፣ የአዳፕተሩ ቀዳዳ ከዘንጉ ጋር መሐል ለመሐል መግጠሙን ለካሁ። 0.4 ሚሊሜትር ሸሽቷል። ዓይን አያየውም፤ የካምቢዮው የዘይት ፖምፓ ግን በየዙሩ ይቀበለዋል። መሐላቸው ዝንፍ ያሉ የማስተካከያ ፒኖች አስመጥቼ፣ እያዞርኩ እየለካሁ፣ ከ0.1 በታች እስኪወርድ ድረስ ሁለት ምሽት ሠራሁ።

ሊያበላሸኝ የነበረው ግን ሌላ ነው። ኮንቨርተሩ በካምቢዮው ውስጥ በደረጃ በደረጃ ነው የሚገባው፤ እያዞርክ ስትገፋው አንዴ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ ፖምፓውን ነክሶ ይቀመጣል። እኔ ሁለት ጊዜ ሲወርድ ሰማሁና የጨረሰ መሰለኝ። ካምቢዮውን በክሪክ አንስቼ ከሞተሩ ጋር ሳገጣጥም አንድ ጣት የሚያህል ክፍተት ቀረ። ብሎኖቹን ጠበቅ ጠበቅ ባደርጋቸው ይገባል አልኩና ጀመርኩ። ሦስተኛዋን ብሎን ሳዞር ቁልፉ ከበደኝ፤ ቆምኩ። አጎቴ «ብሎን ይይዛል እንጂ አይጎትትም» ይለኝ የነበረው ትዝ አለኝ። ሁሉንም ፈትቼ፣ ካምቢዮውን አውርጄ፣ ኮንቨርተሩን በሁለት እጄ እየተጫንኩ ሳዞረው «ቧ» ብሎ ለሦስተኛ ጊዜ ወረደ። በዚያ ብገፋበት ኖሮ የፖምፓው ጥርስ ተሰብሮ፣ ሞተሩ በተነሳበት ደቂቃ ካምቢዮው ያበቃለት ነበር። በትክክል ሲገባ ካምቢዮው ፊት ለፊት ተገፍቶ በእጅ ብቻ ይዘጋል፤ በሳህኑና በኮንቨርተሩ መካከልም ጥቂት ሚሊሜትር ይተርፋል። ያ ትርፍ ከሌለ ምንም ነገር አታጥብቁ።

የካምቢዮውን መቀመጫ ብረት ወደ ኋላ ማዛወር፣ ረጅሙን የኃይል ዘንግ አስቆርጦ ሚዛኑን ማስጠበቅ፣ የማርሽ መምረጫውን ገመድ መዘርጋት፣ ሞተሪኖው በፒ (ፓርክ) እና በኤን (ነጻ ማርሽ) ላይ ብቻ እንዲነሳ ማድረግ፤ እነዚህ ጊዜ ይወስዳሉ እንጂ አያስቸግሩም። የመጨረሻውን ግን ለነገ አታሳድሩት። ማርሽ ላይ እንዳለ የሚነሳ አውቶማቲክ መኪና ከፊቱ የቆመውን ሰው ይገድላል።

እውነተኛው ሥራ የተጀመረው ብረቱ ሁሉ ከታሰረ በኋላ ነው። አሊሰኑ ማርሽ የሚለውጠው በኮምፒውተር ነው። የሞተሩን ዙር፣ ከኮንቨርተሩ ወዲያ ያለውን ዙርና የመውጫውን ዙር በራሱ ሦስት ሴንሰሮች ያነባል። ሾፌሩ ምን ያህል እንደረገጠ ግን በራሱ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ በፋብሪካ መኪናው ላይ ይህንን የሚነግረው የሞተሩ ኮምፒውተር ነበር። የእኔ ሞተር ደግሞ አንድም ቃል የማይናገር ብረት ነው። ስለዚህ ለብቻው የሚሠራ የካምቢዮ ኮምፒውተር ገዛሁ፤ በናፍጣ ፖምፓው ክንድ ላይም የፔዳሉን አቀማመጥ ከ0.5 እስከ 4.5 ቮልት አድርጎ የሚያሳውቅ ሴንሰር አሰርኩ።

የመጀመሪያው ቀን መኪናው ከመጀመሪያ ማርሽ አልወጣም። ሙሉ በሙሉ ስረግጠው ሞተሩ ይጮኻል፤ ካምቢዮው ይጠብቃል። ምክንያቱ ከቆይታ በኋላ ገባኝ። ኮምፒውተሩ የመጣው ለዱራማክስ በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ነው፤ ሙሉ ሲረገጥ ማርሽ ለመለወጥ ከ3,000 በላይ ዙር ይጠብቃል። ካሚንሱ ደግሞ ሙሉ ጉልበቱን በ2,500 ሰጥቶ ከዚያ በኋላ ፖምፓው ራሱ ናፍጣ ይቀንስበታል። አንዱ የማይደርስበትን ቁጥር ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ሠንጠረዡን በሙሉ ወደ 2,400 አወረድኩት፤ ኮንቨርተሩንም ዝቅ ባለ ዙር በሚነክስ ለወጥኩት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያቃጠለኝ ችግር መጣ። ሜዳ ላይ ሐር ነው። ከጆርጅታውን በላይ፣ ወደ አይዘንሃወር ዋሻ በሚወስደው ዳገት ላይ ግን ካምቢዮው በአራተኛና በአምስተኛ ማርሽ መካከል ይዋልል ጀመር፤ ይለውጣል፣ ይመልሳል፣ ይለውጣል፣ ይመልሳል። ዘይት ቀየርኩ። ፊልትሩን ቀየርኩ። የውስጥ ቫልቮቹን ጠረጠርኩ፤ ካምቢዮውን ልከፍት ተነሳሁ።

በሰፈራችን በኤሌክትሪክ ሥራ ያረጁ አንድ ጋሼ አሉ። ላፕቶፑን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡና ሞተሩን በሚኒሞ አስነሱኝ። ማያው ላይ የፔዳሉ ቁጥር 0.6፣ 0.9፣ 0.7 እያለ ይዘላል፤ እግሬ ግን ፔዳሉ ላይ የለም። ወርደው ኮፈኑን ከፈቱና ሴንሰሩን የተሸከመችውን ቅንፍ በአውራ ጣታቸው ተጫኗት። ቁጥሩ 0.7 ላይ ቀጥ አለ። ጣታቸውን አነሱ፤ መዝለል ጀመረ። እንደገና ተጫኑ፤ ቀጥ አለ።

«ልጄ፣ ካምቢዮው ምን አደረገህ? እየተንቀጠቀጠ የሚነግሩትን ነው የሚሰማው» አሉኝ።

ቅንፏን የሠራሁት ከ1.5 ሚሊሜትር ላሜራ ነበር። ለቤንዚን ሞተር ትበቃ ይሆናል። ይህ ናፍጣ ሞተር ግን በዝቅተኛ ዙር ሲመታ የሚነካውን ሁሉ ያንቀጠቅጣል፤ ዳገት ላይ ጭኖ ሲጎትት ደግሞ ይብሳል። በ6 ሚሊሜትር ብረት እንደገና ሠርቼ በሁለት በኩል ደገፍኳት። ውለላው በዚያው ቀን ቆመ። ልከፍተው የነበረው ካምቢዮ አንዳች ጥፋት አልነበረበትም።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ሌላ ገጠመኝ። ጠዋት ሞተሩ በተነሳ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የካምቢዮው ኮምፒውተር እየጠፋ ይበራል። ይህ ሞተር በአየር መግቢያው ላይ ከ150 አምፔር በላይ የሚስብ ማሞቂያ አለው፤ በብርድ ጊዜ ሞተሩ ከተነሳ በኋላም ቦግ እልም እያለ ይሠራል፤ በበራ ቁጥር የፊት መብራቱ ሳይቀር ይደበዝዛል። አሮጌው ሞተር ግድ የለውም፤ ናፍጣ ካገኘ ይሄዳል። ኮምፒውተር ግን ቮልት ሲወርድበት ራሱን ይስታል። የኮምፒውተሩን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ሽቦ ከሌላው ሁሉ ለይቼ፣ በወፍራሙ፣ በቀጥታ ከባትሪው ላይ ዘረጋሁ። ከዚያ ወዲህ አልጠፋም። ከመጀመሪያው እንዲህ ማድረግ ነበረብኝ፤ ከሻንሲው ላይ የተገኘ ዝገት ብረት ፍቆ ኔጋቲቭ መውሰድ የኤን 3 ዘመን ልማድ ነው።

ዋሻው ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ከእንጦጦ ጫፍ ይበልጣል። መውጣቱን አየር የሳሳበት ሞተር ቀስ ብሎም ቢሆን ይወጣዋል። የምፈራው ከዋሻው ወዲያ ወደ ሲልቨርቶርን የሚወርደውን ቁልቁለት ነው፤ ፍሬን ለከዳቸው ከባድ መኪናዎች በጠጠር የተሞላ መሸሻ የተሠራለት መንገድ ነው። አጎቴ በጣርማ በር በኩል ወደ ደሴ ስለሚመላለሱት ኤን 3ዎች ሲያወራ «የወጣህበትን ማርሽ ይዘህ ውረድ» ይል ነበር። በማኑዋል ካምቢዮ ይህ ቀላል ነው። በአውቶማቲክ ግን ኮንቨርተሩ ካልተቆለፈ ሞተርና ጎማ የሚገናኙት በዘይት ብቻ ስለሆነ መኪናው ይንሸራተታል። ናፍጣ ሞተር ደግሞ አየሩን የሚያፍን መዝጊያ ስለሌለው በራሱ ብዙ አይዝም። ስለዚህ በጭስ መውጫው ላይ ጭሱን አፍኖ ሞተሩን የሚይዝ የጭስ ፍሬን አስገባሁ፤ የጭስ ቫልቮቹን ስፕሪንግ ግፊቱን በሚችል ጠንካራ ስፕሪንግ ለወጥኩ፤ የጭስ ፍሬኑ በተጫነ ጊዜ ኮንቨርተሩ ተቆልፎ እንዲቆይም ኮምፒውተሩን አዘዝኩት። አሁን ያንን ቁልቁለት በሦስተኛ ማርሽ፣ የእግር ፍሬን አልፎ አልፎ ብቻ እየነካሁ እወርደዋለሁ። ከለውጡ ሁሉ የምደሰትበት ይህ ነው፤ ከጉልበቴ እረፍት እንኳ ይበልጥብኛል።

ተሳቢ ስጎትት ስድስተኛውን ማርሽ ዘግቼዋለሁ፤ 1,530 ዙር ጭነት ላለው ሞተር ያንሰዋል፣ ያፍነዋል። የዘይቱ ሙቀት በመጀመሪያው በጋ ዳገት ላይ ከ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ስላስደነገጠኝ፣ የራሱ ማራገቢያ ያለው ሁለተኛ የዘይት ማቀዝቀዣ ጨመርኩ። አሁን ከ95 አያልፍም።

በአጠቃላይ ሰባት ወር ቅዳሜና እሁድ፣ እንዲሁም 7,900 ዶላር ወጥቶበታል፤ ፒክአፑን ከገዛሁበት ይበልጣል። ከዚህ ውስጥ ያገለገለው ካምቢዮ ራሱ ሩቡን እንኳ አልወሰደም። የቀረውን የወሰዱት አዳፕተሩ፣ ኮንቨርተሩ፣ ኮምፒውተሩና ማቀዝቀዣዎቹ ናቸው። ካምቢዮ በርካሽ አገኘሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ይህንን አስቀድሞ ይወቅ።

የወረደው ባለ አምስት ማርሽ ጌትራግ ካምቢዮ ስድስት ወር በጋራዡ ጥግ በሸራ ተሸፍኖ ቆየ። ባለፈው ሐምሌ የእኔን ዓይነት ዶጅ ያለው አንድ ወጣት ገዛው። ኩሽኔታዎቹን አንድ በአንድ እያዞርኩ አሰማሁት። ይህ ካምቢዮ የሚጠጣው 5ደብሊው-30 የሞተር ዘይት መሆኑን፣ ዘይት እንዳያጥረው ከመለኪያው በላይ አንድ ሊትር ገደማ መጨመር እንዳለበት ነግሬው፣ ተጋግዘን መኪናው ላይ ጫንነው።