ሞራ ቢጠፋ በዳይስ

እንኳን ለገና በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ጾሙን ፈታችሁ ዶሮው ላይ ላላችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን አድራችሁ እንቅልፍ ላልጠገባችሁ፣ እንደ ብዙዎቻችን ደግሞ ፈረንጅ በዓሉን ጨርሶ ስለተመለሰ ብቻ ሥራ ገብታችሁ በምሳ ሰዓት ስልካችሁን ለምታዩ፣ ለሁላችሁም።

የቆያችሁ ታውቃላችሁ። በየገናው ከመልካም ምኞት ጋር አንድ ትንበያ እለጥፋለሁ። የቤዝቦል ትንበያ ነው። የእውነተኛው ቤዝቦል ግን አይደለም። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ስምንት ሆነን ጠረጴዛ ላይ የምንጫወተው ሊግ አለን፤ ከመቶ ዓመት በላይ ካለው የቤዝቦል ታሪክ የፈለግነውን ተጫዋች፣ የፈለግነውን ዓመቱን መርጠን ቡድን እንሠራለን። ሟቹም ጡረተኛውም ይሰለፋል። አዲሶቹ «ሰውዬው ጤና የለውም እንዴ?» ብትሉ አልቀየምም። ባለቤቴም ትላለች።

በአያቴ አገር በግ ሲታረድ ሞራ የሚያነቡ ሽማግሌ ነበሩ። ሞራውን ወደ ብርሃን ዘርግተው ክረምቱን፣ ሰርጉን፣ ጠቡን ይናገራሉ። እዚህ ስጋ ቤቱ ሞራውን ገፎ፣ ስጋውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ነው የሚሰጠን። ስለዚህ በዳይስ ነው የምንተዳደረው።

ጨዋታው ስትራት-ኦ-ማቲክ ይባላል። ሃል ሪችማን የሚባል የኒውዮርክ ሰው በ1961 ለገበያ ያወጣው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። እያንዳንዱ ተጫዋች በዚያ ዓመት ከሠራው ሥራ የተሰላ ካርድ አለው። ሦስት ዳይስ ይጣላል። አንዱ ነጭ ነው። ነጩ 1፣ 2 ወይም 3 ካለ የሚነበበው የመቺው ካርድ ነው፤ 4፣ 5 ወይም 6 ካለ የወርዋሪው፣ የፒቸሩ። የሁለቱ ሌሎች ዳይሶች ድምር ደግሞ የትኛው መስመር እንደሚነበብ ይነግራችኋል። እንግዲህ አስቡት፤ የፈለገ ጀግና መቺ ብታሰልፉ፣ ግማሹን ጊዜ ካርዱን የሚያየው ሰው የለም። እኔ ይህን እያወቅኩ ነው በየዓመቱ በሙሉ ልብ የምተነብየው።

ቤዝቦልን ያስተማሩኝ ድሮ አብረውኝ መኪና ማቆሚያ ውስጥ በሌሊት ይሠሩ የነበሩ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። እኛ ሐበሾቹ «ጋሼ» እንላቸው ነበር። ትርጉሙ ሲነገራቸው በጣም ወደዱት። አሁን ስማቸውን ብጠራ አይመልሱልኝም። የዋሽንግተን ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ታላቁን ጥቁር መቺ ጆሽ ጊብሰንን በዓይናቸው አይተዋል።

ይህችን ነገር ላስረዝማት ነው፣ ታገሱኝ። ከዩ ስትሪት እና ከናይንዝ ስትሪት ምግብ ቤቶቻችን ትንሽ ወጣ ስትሉ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን ታገኛላችሁ። ስንቶቻችን እዚያ ልጅ ወልደናል፣ ስንቶቻችን እዚያ እንሠራለን። በ1965 እስኪፈርስ ድረስ ቦታው ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር። የዋሽንግተኑ ታላቅ ፒቸር ዋልተር ጆንሰን እዚያ ነው የወረወረው፤ በ1913 ብቻ 36 ጨዋታ አሸንፎ 7 ተሸንፏል። ጊብሰን ያን ጊዜ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላው ሕፃን ነበር። በኋላ እሱም እዚያው ሜዳ ተጫወተ፤ ጥቁሮች ከነጮቹ ሊግ በተከለከሉበት ዘመን፣ ሆምስቴድ ግሬይስ ለሚባለው የጥቁሮች ቡድን። የነጮቹን ደጅ ሳይረግጥ በ35 ዓመቱ ሞተ። ጥር 12 ቀን፣ በቃና ዘገሊላ ነው የሞተው፤ በእነሱ ጃንዋሪ 20፣ 1947። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ጃኪ ሮቢንሰን በዘመኑ የመጀመሪያው ጥቁር ሆኖ የነጮቹ ሊግ ገባ። በ2024 የጥቁሮቹ ሊጎች ቁጥር ከዋናው መዝገብ ጋር ሲቀላቀል፣ ጊብሰን በሕይወት ዘመኑ የመምታት አማካይ 0.372 ሆኖ (ከሺህ ሙከራ 372ቱ ተሳክቶለታል እንደ ማለት ነው) እስከዚያ አንደኛ የነበረውን ታይ ኮብን በልጦ አንደኛ ወጣ። ጋሼ ያን ቀን ደውለው «አባቴ ነግሮኝ ነበር» ብቻ ብለው ዘጉት።

ጆንሰንና ጊብሰን ሜዳ ላይ ተገናኝተው አያውቁም። እኛ ቤት ነው የሚገናኙት። ጆንሰን የእኔ ነው፤ ጊብሰን የጋሼ። የሊጉ መክፈቻ ሁልጊዜ በገና ማታ የሁለታችን ጨዋታ ነው። ዳይሱን በቡና ሲኒ ነው የምንንጠው። የጊብሰን ካርድ ጥግ ላይ የበርበሬ ጣት አሻራ አለ፤ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያመነ የለም።

ባለፈው ዓመት እዚሁ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ታስታውሳላችሁ። «ዘንድሮ የሚነካኝ የለም» ነበር ያልኩት። ማታ ሲኒውን ገለበጥኩ፤ ነጩ 1 አለ። የጊብሰን ካርድ። ሆም ራን፣ ኳሷን ከሜዳ አውጥቶ መምታት። ወጡ ሳይቀዘቅዝ ትንበያዬ አለቀ። ዓመቱንም ከስምንት ሰባተኛ ሆኜ ጨረስኩ። ስምንተኛው በመሀል አገር ቤት ሄዶ ሁለት ወር ቡድኑን የተወ ሰው ነው።

እሺ፣ የዘንድሮው። አንደኛ የማደርጋት ከመሀላችን ነርሷን ነው። የ2000ውን ፒቸር ፔድሮ ማርቲኔዝን ይዛለች። ይህን ምርጫዋን በጣም ነው የማደንቀው። ጆንሰን በ1913 በዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም በአንድ ሙሉ ጨዋታ፣ በራሱ ጥፋት ተብሎ የተቆጠረበት ነጥብ በአማካይ 1.14 ብቻ ነው፤ ግን ያን ጊዜ ኳሱ ራሱ የሞተ ነበር፣ ሆም ራን ብርቅ ነበር። የፔድሮ ቁጥር 1.74 ነው፤ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሊግ፣ የሌላው ሰው አማካይ ወደ 5 ይጠጋ ነበር። በዝናብ መሀል ሳይረጥብ የመጣ ሰው ማለት ነው። ሁለተኛ የቦብ ጊብሰንን ካርድ የያዘው ሰው፤ ይህ ሌላ ጊብሰን ነው፣ ፒቸር፤ የ1968ቱ፣ 1.12። እሱን ፈርተው የሚመስል ነው በማግስቱ ዓመት ፒቸሩ የሚቆምበትን ጉብታ ከ15 ኢንች ወደ 10 ዝቅ ያደረጉት። ሦስተኛ ጋሼ። የ1943ቱ ጆሽ ጊብሰን የመምታት አማካዩ 0.466 ነው፤ «የሊጉ ጨዋታ ጥቂት ነበር» የሚል ተከራካሪ አለን፣ ክርክሩም እውነት አለው፣ ግን ጋሼ ፊት እንዲደግመው እመክረዋለሁ። አራተኛ እኔ። ይህን ስጽፍ እጄ እንደምንም ነው የታዘዘልኝ። የቀሩት አራቱ ተራቸውን ራሳቸው ያውቁታል፤ በበዓል ቀን ስም አልጠራም።

የተከፋ ካለ፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነው። ዱላና ሩርም ሆነ ዱላና ቤዝቦል ያው ነው።

ጋሼ የደረጃ ትንበያ አይሰጡም። «ዳይስን ማን ያውቃል» ይላሉ። በየዓመቱ የሚተነብዩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዶሮው ሁለት እንቁላል እንደሚደርሳቸው። እስካሁን ተሳስተው አያውቁም። ዘንድሮ ግን እንግዳ በዝቷል፣ ልጆቹም ድስቱን ሲዞሩ ውለዋል፤ ባለቤቴ አሁን ቆጥራ አንድ ይጎድላል ብላለች። በሩ ተንኳኳ።

መልካም ገና!