ግቢ ውስጥ የግንድ ቤት፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግንዱ ከመደርደሩ በፊት

ወሎ ላይ የእንጨት ቤት ሲባል የምናውቀው ቋሚው ቆሞ፣ ማገሩ ተመትቶ፣ ጭቃ የተመረገውን ነው። የደሴ አናጢም የተካነው በዚሁ ነው። ግንድ በግንድ ላይ አጋድሞ፣ ማዕዘን ላይ እርስ በርሱ አቆላልፎ የሚሠራው ቤት ግን ጠባዩ ሌላ ነው። እንጨት ሲደርቅ ቁመቱ ይህን ያህል አያጥርም፤ ውፍረቱ ግን ይቀንሳል። ስለዚህ የቆመ ቋሚ እንደቆመ ይኖራል፤ በተጋደመ ግንድ የተሠራ ግድግዳ ግን ዓመት ሁለት ዓመት ሙሉ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። በደንብ በደረቀ እንጨት እንኳ ለ2 ሜትር ከፍታ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር መውረድ ይጠበቃል፤ በእርጥብ ባሕር ዛፍ የዚህ እጥፍ ሊሆን ይችላል። የዝግጅቱ አብዛኛው ሥራ ይህን መውረድ አስቀድሞ ማሰብ ነው። ለምሳሌ የምንይዘው 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ፣ አንድ ክፍል ያለው የጓሮ ቤት ነው።

መነሻው ማዘጋጃ ቤት ነው። የኢትዮጵያ የሕንፃ ዐዋጅ ያለ ፈቃድ መገንባትን ይከለክላል፤ «ግቢዬ ውስጥ ነው፣ ደግሞም እንጨት ነው» የሚለው ክርክር አያዋጣም። ካርታውንና ቤቱ ከአጥርና ከዋናው ቤት ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳይ ንድፍ ይዞ መሄድ ነው። እንጨቱም ቢሆን ምንጩ የሚታወቅ ይሁን። ከተፈጥሮ ደን የወጣ የሐበሻ ጽድ፣ ዝግባ ወይም ኮሶ ርካሽ ተብሎ ቢቀርብልዎ አይንኩት፤ እነዚህ ዛፎች ከእኛ ተራሮች ላይ እያለቁ ነው።

ቦታ መምረጥ ደሴ ላይ ከሁሉም ይከብዳል። ከተማዋ ከጦሳ ሥር ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ናት፤ ግቢ ለማስተካከል ደግሞ ከላይ ይቆረጣል፣ ከታች ይሞላል። ቤቱ የሚያርፈው በተቆረጠው መሬት ላይ እንጂ በሙሌቱ ላይ መሆን የለበትም። ግማሹ በዚህ ግማሹ በዚያ ካረፈ ደግሞ ይብሳል፤ ክረምት ሲገባ ሙሌቱ ይሰምጥና ከታች በኩል ያለው ማዕዘን ይከፈታል፣ በሩም አልዘጋ ይላል። ከድጋፍ ግንብ ጫፍ ቢያንስ የግንቡን ቁመት ያህል ይራቁ። ግቢው ውስጥ ግንዳቸው ወደ ታች ያዘነበለ ዛፎች፣ እንደ ጨረቃ ግማሽ የታጠፈ የመሬት ስንጥቅ ወይም ክረምት ላይ ብቻ ውሃ የሚያፈልቅ ቦታ ካለ መሬቱ እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ድንጋይ ከመጣሉ በፊት ባለሙያ ይየው።

ከቤቱ በላይ በኩል፣ 1.5 ሜትር ያህል ርቆ፣ ስፋቱም ጥልቀቱም 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦይ ይቆፈር፤ በየ1 ሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ፤ ወለሉ ድንጋይ ይነጠፍበት፣ አለዚያ የሐምሌ ጎርፍ ራሱን ቦዩን ይበላዋል። መውጫው የጎረቤት አጥር ሥር እንዳይሆን። ቦዩ ከመሠረቱ በፊት ይቅደም፤ መሠረቱን ሲቆፍሩ ዝናብ ቢመጣ ጉድጓዱ አይሞላብዎትም።

ለዚህ ስፋት ሙሉ የግንብ መሠረት አያስፈልግም፤ ዘጠኝ የኮንክሪት ምሰሶዎች ይበቃሉ፣ ሦስት ረድፍ በሦስት ረድፍ። በ4 ሜትሩ በኩል በየ2 ሜትሩ፣ በ3 ሜትሩ በኩል በየ1.5 ሜትሩ ናቸው። መሀል ለመሀል 4 በ3 የሆነ ቅርጽ ጥሩነቱ ከማዕዘን ማዕዘን ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር መሆኑ ነው፤ ገመዱን ወጥረው ሁለቱንም ሰያፍ ይለኩ፤ ሁለቱም 5 ሜትር ካልመጡ ችካሉን ያስተካክሉ። ጉድጓዱ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይወርዳል፤ 70 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የተለመደ ነው። መሬቱ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር፣ ከሆነ ግን በቁጥር አይገደቡ፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ምሰሶውንም አብሮ ያነሳዋል፤ መረሬው እስኪያልቅ ይውረዱ።

ከታች 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው መቀመጫ፣ ከዚያ ላይ 30 በ30 የሆነ ምሰሶ ይወጣል፤ ከመሬት በላይ 40 ሴንቲ ሜትር ይታያል። ተዳፋት ላይ ይህ 40 ከላይኛው ወገን ይለካል፤ የዘጠኙም አናት በውሃ ልክ አንድ ይሆናል። ኮንክሪቱ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር በሳጥን ተለክቶ ነው። በአጠቃላይ 1.2 ሜትር ኩብ ገደማ ይወጣል፤ ይህም ባለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 9፣ አሸዋ 0.6፣ ጠጠር 1 ሜትር ኩብ ይፈልጋል፤ ብክነት ተቆጥሮ ትንሽ ጨመር ይደረግበት። በየምሰሶው አራት ባለ12 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ እነሱን ዙሪያውን የሚያስር ባለ6 ስታፋ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ። ለዘጠኙ አራት ሙሉ በርጋ (ያልተቆረጠ ሙሉ ዘንግ) ባለ12 ይበቃል። የአራቱ ማዕዘኖች ምሰሶ ላይ ደግሞ ኮንክሪቱ ሲሞላ ጥርስ የወጣለት ባለ12 የብረት ዘንግ አብሮ ይቀበር። በኋላ ይህ ዘንግ በ20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ግንዶቹን ሁሉ እየበሳ እስከ ጣሪያው ይወጣና ከላይ በሰፊ ላሜራና በዳዶ ይጠበቃል። ያለንበት አካባቢ የስምጥ ሸለቆ ጫፍ ነው፤ በ1953 የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ያፈረሰው ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ብዙም ሳይርቅ ነው። የግንድ ቤት ለመንቀጥቀጥ ጥሩ ቤት ነው፣ ግን ከመሠረቱ ጋር ከታሰረ። ይህን ዘንግ ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ አስታውሶ በመበየጃ ለመቀጠል መሞከር ትርፉ ድካም ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ተዳፋቱ ይቀንሳል፣ ምስጡ ይጨምራል። ከተማዋ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ትወርዳለች፣ ሙቀቱም ለምስጥ ይመቻል። በየምሰሶው አናት ላይ 40 በ40 የሆነ ባለዚንክ ላሜራ ይቀመጥ፤ በየጎኑ የሚተርፈው 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች በሰያፍ ይታጠፍ። ዘንጉ የሚያልፍበት ቀዳዳ በሬንጅ ይደፈን። ላሜራው ምስጡን አይገድልም፤ ከመሬት የሚነሳውን የጭቃ መንገዱን ወደ ውጭ አውጥቶ ያሳይዎታል። ስለዚህ ከወለሉ ሥር ጎንበስ ብሎ ማየት የሚቻልበት ክፍተት ይኑር፤ ፍልጥና የተረፈ እንጨት እዚያ አይከማች። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፣ እኔ ግን ለሰው መኖሪያ አልመክረውም፤ ከላይ እንጂ ወደ ውስጥ እምብዛም አይገባም፣ ሽታው አይለቅም፣ እሳትም ይወዳል።

አሁን ወደ እንጨቱ። ደጋው ላይ በብዛት የሚገኘው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ጠንካራና ቀጥ ያለ ነው፣ ነገር ግን ሲደርቅ ብዙ ይኮማተራል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል። ቆላማው ላይ ያለው ቀይ ባሕር ዛፍ ምስጥን በተሻለ ይቋቋማል፣ ግን ቀጥ ያለ ማግኘት ያስቸግራል። የፈረንጅ ጽድ ከተገኘ እሱን እመርጣለሁ፤ ይቀላል፣ አይጠማዘዝም፣ መግጠሚያው በመጥረቢያም በመጋዝም ይታዘዛል። አቅም ካነሰ ታችኞቹን ሁለት ሦስት ረድፎች በቀይ ባሕር ዛፍ፣ የቀረውን በጽድ ማድረግ ያዋጣል።

ሲመርጡ ላዩ ላይ ያለውን ስንጥቅ ይዩ። በቀጥታ ከወረደ ደህና ነው፤ እንደ ጥምጥም ግንዱን ከዞረው ሲደርቅ ይጠማዘዛልና ይተዉት። ውፍረቱ መሀሉ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር፣ በሥሩና በጫፉ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 የማይበልጥ ይሁን።

ልጡ እንደተቆረጠ ወዲያው ይላጥ፤ እርጥብ ሳለ በቀላሉ ይላቀቃል፣ ከቆየ ደግሞ ሥሩ ነቀዝ ይራባል። ሁለቱም ጫፎች በዚያው ቀን ወፍራም ቀለም ወይም ሬንጅ ይቀቡ፤ እርጥበት በጫፍ በኩል ቶሎ ስለሚወጣ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ በየረድፉ መካከል ሞራሌ (በአራት ማዕዘን የተሰነጠቀ ቀጭን እንጨት) እየገባ፣ ጎኑ ክፍት በሆነ ዳስ ሥር ይደርደር። ፀሐይ ላይ ማስጣት ማፋጠን ይመስላል፤ የሚያፋጥነው መሰንጠቅን ነው።

መድረቁን በዓይን መገመት አይቻልም። ከአንዱ ግንድ ጫፍ 50 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው ቀጭን ክብ ቁራጭ ያስቆርጡና ወዲያው ይመዝኑ፤ ኦቨን ውስጥ በ100 ዲግሪ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያድርቁና እንደገና ይመዝኑ። 520 ግራም የነበረው 430 ላይ ከቆመ የወጣው ውሃ 90 ግራም ነው፤ ለ430 ሲካፈል 21 በመቶ ይመጣል። ለሥራ ከ20 በመቶ አካባቢ በታች ቢሆን ይመረጣል፤ 35 ከሆነ ገና ነው።

ብዛቱን እናስላ። ግንዱ ሥሩ ተፈልፍሎ ታችኛውን ሲያቅፍ ከ15 ሴንቲ ሜትሩ 13 ያህሉ ነው ለከፍታ የሚቆጠረው፤ ለ2.2 ሜትር ግድግዳ 17 ረድፍ ይሆናል። ማዕዘን ላይ በየጫፉ 25 ሴንቲ ሜትር ስለሚተርፍ ርዝመቱ 4.5 እና 3.5 ሜትር ነው፤ ከእያንዳንዱ 34። ለሚጣለው ጨምረው ከሁለቱም 38 ይግዙ። ለበርና ለመስኮት የሚቆረጠው ቁራጭ አይጣልም፣ ለአጫጭሩ ቦታ ይውላል። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ማዕዘኑ ሲቆላለፍ የአንዱ ጎን ግንድ ከሌላው በግማሽ ከፍታ ይበልጣል፤ ስለዚህ አንድ ባለ3.5 ግንድ መሰንጠቂያ ቤት ለሁለት ተከፍሎ፣ ጠፍጣፋው ወደ ታች ሆኖ ለሁለቱ አጭር ጎኖች መነሻ ይሆናል።

ከአናጢው ጋር ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ሦስት ነገር ይስማሙ። መግጠሚያው ሁልጊዜ ከላይኛው ግንድ ሆድ ይነቆራል፤ ከታችኛው ጀርባ ከተነቆረ ዝናብ የሚያቁር ገበታ ይሆናል፣ ማዕዘኑም ይበሰብሳል። ሁለተኛ፣ ግንድ ከግንድ በሚስማር አይመታም፤ ግድግዳው ሲወርድ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀርና መሀሉ ይከፈታል። በምትኩ የደረቀ ጠንካራ እንጨት ችንካር ይገባል፣ ራሱም ከግንዱ ጀርባ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ሦስተኛውና ዋናው የበሩ መቃን ነው። ልማዱ መቃኑን ከግድግዳው ጋር ቀጥቅጦ ማሰር ነው፤ እዚህ ግን ግድግዳውን አንጠልጥሎ ይይዘዋል። በክፍቱ ጎን ያሉት የግንድ ጫፎች ላይ ከላይ እስከ ታች ፈረፈር፣ ማለትም እንደ ቦይ የተቦረቦረ መስመር፣ ይወጣል፣ ባለ4 በ5 ሴንቲ ሜትር ሞራሌ ይገባበታል፣ መቃኑ የሚመታው በሞራሌው ላይ ብቻ ነው። ከመቃኑ አናት በላይ 7 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይተዋል፤ ቃጫ ይጠቀጠቅበትና ከላይኛው ግንድ ብቻ በተመታ ሳንቃ ይሸፈናል። በረንዳ ካለውም ቋሚው አይወርድምና ከአናቱ ሥር ቀጫጭን ሳንቃዎች ይደራረቡ፤ ቤቱ ሲወርድ አንድ በአንድ ይወጣሉ።

ጣሪያው የማዕዘኑን ትርፍ ጭምር እንዲሸፍን ጠርዙ 70 ሴንቲ ሜትር ይውጣ። ተዳፋቱ 25 ዲግሪ ከሆነ ወደ 27 ካሬ ሜትር ይመጣል፤ ከነመደራረቢያው ለ30 ቆርቆሮ ይያዝ።

ጊዜውን ሲያቅዱ ወሎ በልግም እንዳለው አይርሱ። እንጨቱ በጥቅምት ተቆርጦና ተልጦ ቢደረደር፣ ቦዩና ምሰሶዎቹ በዚያው በጋ ያልቃሉ፤ ክረምቱ መሬቱን ይፈትነዋል፣ የሰመጠ ምሰሶ ካለም በገመድና በውሃ ልክ ይታወቃል። መደርደሩ የሚጀመረው በቀጣዩ ጥቅምት ነው፤ ቆርቆሮው ከየካቲት በፊት መመታት አለበት። ከዚያ በኋላ የማዕዘኖቹ ዳዶ በመጀመሪያው ዓመት በየወሩ፣ በሁለተኛው በየሦስት ወሩ ይጠበቃል፤ ስለዚህ ኮርኒስ የሚመታ ከሆነ አራቱም ማዕዘን ላይ እጅና ቁልፍ የሚያስገባ መክፈቻ ይተውለት።